የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ርቀት

በጉም ደጅ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዴ ከተራራቁ እስከ መውጫው በር ድረስ አይገናኙም። ማስፈራሪያ አይደለም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ነው። ሁሉም ሰው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ማንም ማንንም አይቀድምም። በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ሜትር ተኩል ይተዋል። ከፊት ያለው ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ከቀደመ፣ ከአምስት ሰዓት ጉዞ በኋላም ዘጠኝ ደቂቃ እንደቀደመ ነው።

አትጠገብ የሒሳብ መምህርት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ኖራለች፤ ሁለት መኪኖች በእኩል ፍጥነት ሲጓዙ የኋለኛው የፊተኛውን መቼ ይደርስበታል? ተማሪዎቹ ግራ ሲጋቡ ትስቅባቸው ነበር። ዛሬ ከጣቢያ ሦስት መጸዳጃ ቤት እጇን እያራገፈች ስትወጣ ባሏ ይልቃል ከተወችው ቦታ አልነበረም፤ ሳቅ የሚባል ነገር ከውስጧ ጠፋ።

«ሄዷል» አለቻት አረጋጊዋ። አረጋጊ የሚባሉት ቢጫ ሰደርያ ለብሰው በመስመሩ ዳር የሚመላለሱት ሠራተኞች ናቸው። ስማቸው ደስ ይላል፤ ሥራቸው ሰው እንዳይፈጥን መጠበቅ ነው። የዚህችኛዋ ደረት ላይ «አስካለ» ተብሎ ተጽፏል። «ቁጥሩ ደረሰና ሄደ። መስመር አይቆምም እኮ እህቴ።»

«አብረን እኮ ነን! ባሌ ነው።»

«አውቃለሁ። ባዶ ቦታ ሲገኝ አስገባሻለሁ።»

ባዶ ቦታ የተገኘው ከይልቃል በኋላ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ካለፈ በኋላ ነው። አትጠገብ መጀመሪያ የተሰማት ብስጭት ብቻ ነበር። ለዚህ ቀን ሰባት ዓመት ዕጣ ጠብቀዋል፤ በቀን ሃያ ስምንት ሺህ ሰው በሚገባበት ፓርክ ውስጥ ተራራውን ጎን ለጎን እናያለን ብለው አልነበረም እንዴ? እየተነጫነጨች ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ ስታደርገው ከበደባት። ጠርሙሱ ውስጡ ነው።

ይልቃል የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጠዋት መርፌውን ተወግቷል። ቁርሱን በር ላይ ሊበላ ነበር፤ ነገር ግን ወረፋው ሁለት ሰዓት ፈጀና ድንገት ሲንቀሳቀስ ተገፍተው ገቡ። በሩ ላይ ደግሞ እንደ ደንቡ የሚበላ ነገር በሙሉ ተወሰደ፤ ዳቦው፣ ቆሎው፣ በኪሱ የነበረችው ከረሜላ ሳትቀር። ጭላዳዎቹ የሰው ምግብ ለምደው ሰው መንከስ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ነው። በሐኪም ወረቀት የተፈቀደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግማሽ ሊትር በስኳር የተበጠበጠ ውሃ። ይልቃል ዕቃ ይጥላል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ስንት ጃንጥላና ስንት ቁልፍ እንደጣለ እሷ ናት የምታውቀው። ስለዚህ ጠርሙሱን የያዘችው እሷ ናት።

መርፌ፣ ባዶ ሆድ፣ ዳገት። ሦስቱ ሲገናኙ የሚሆነውን አንዴ ሳሎናቸው ውስጥ አይታዋለች። መጀመሪያ ያልበዋል። ከዚያ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ከዚያ በስሙ ሲጠሩት አይሰማም። ያኔ የወደቀው ምንጣፍ ላይ ነበር።

ከጣቢያ ሦስት በኋላ መንገዱ ምንጣፍ የለውም። በስተግራ የድንጋይ ግድግዳ፣ በስተቀኝ ገደል፤ በመካከሉ ሁለት ክንድ ተኩል የማይሞላ አፋፍ። ገደሉ እንደ ፈረስ ኮቴ ስለሚዞር ከኋላ ያለ ሰው ከፊት ያለውን በገደሉ ማዶ ፊት ለፊት ያየዋል። አትጠገብ የይልቃልን ቀይ ኮፍያ ፈለገች፤ አገኘችው። ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። እስካሁን።

ሮጣ ብትደርስበትስ? ሐሳቡ ሲመጣባት ዓይኗ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ሄደ። በሩ ላይ ለሁሉም ሰው የሚታሰረው ቀለበት የመንግሥት ስሙ ረጅም ነው፤ ሕዝቡ ግን አልቦ ይለዋል። አንድ ሰው ከፈጠነ ወይም ከቦታው ከወጣ አልቦው ያለቅሳል። የአንዱ ሲያለቅስ የሁሉም ይቀበላል፤ ያኔ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ሁሉ ባለበት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቁጭ ይላል። አልቦ ካለቀሰ ቁጭ። ይህን ሕፃናት ከፊደል በፊት ይማሩታል። ያስለቀሰ ሰው ደግሞ አልቦው መውጫው ላይ አይፈታለትም፤ አምስት ዓመት ይዞት ይኖራል። ጎረቤታቸው አቶ ሽመልስ እንደዚያ ናቸው። ዝናብ ሲጥል መንደሩ በሙሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ እሳቸው ብቻ ቀስ ብለው እየተራመዱ ይበሰብሳሉ። አንድ ቀን ውሻ አባሯቸው አልቦው ሲያለቅስባቸው፣ አስፋልት ላይ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች በሙሉ መኪና መንገድ መካከል ቁጭ አሉ።

ደንቡን አትጠገብ ደግፋ ፈርማበታለች። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና ሳይጋቡ፣ ዳገት ለዳገት የሚሮጡ ወጣቶች በዚሁ አፋፍ ላይ ከጎብኚ ጋር ተላትመው ሃያ ሦስት ሰው ገደል ገባ። ይልቃል ያኔ ከሯጮቹ አንዱ ነበር፤ በዚያ ቀን አልነበረም እንጂ። ደንቡ ሲወጣ ካፌ ውስጥ ሊጣሉ ደርሰው ነበር።

«ሰው በዛ ካላችሁ ሰው ቀንሱ! እግሬ ምን አደረጋችሁ?» ብሏት ነበር።

«አንተ ደስ ብሎህ ስትሮጥ መቶ ሰው ግድግዳ ይታከካል። የማን ተራራ ነው?» ብላው ነበር። ፓርኩ ሰው አልቀነሰም። በሮቹ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ይፈለግ ነበርና ፍጥነቱን ቀነሰ። እሷም አሸነፍኩ ብላ ነበር።

ቀና ስትል ቀዩ ኮፍያ ወደ ገደሉ ዘንበል ብሎ ተመለሰ።

«እህቴ!» አስካለን በእጇ ጠራቻት። «ባሌ ስኳር ወርዶበታል። መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው። አሳልፊኝ በናትሽ።»

አስካለ አብራት እየተራመደች ማዶውን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፊቷ ላይ ጭንቅ ታየ። ሬዲዮዋን ከፍታ «የፍጥነት ፈቃድ» ጠየቀች። የሴት ድምፅ በትሕትና መለሰ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል። በሁለት የሥራ ሰዓት ውስጥ ምላሽ ይሰጥዎታል።» ሐኪም ያለው ጣቢያ አምስት ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። በራሪ ነገር ለአራዊቱ ሰላም ሲባል ከተከለከለ ቆይቷል።

«ሰው ማሳለፍ አልችልም» አለች አስካለ። «ዕቃ ግን ይተላለፋል፤ ዕቃ አልቦ የለው። በእጅ በእጅ ስጪው። በሃያ ደቂቃ ይደርሰዋል።»

አትጠገብ ጠርሙሱን አወጣች። ምንም ያልተጻፈበት ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ፊት ለፊቷ ላለው ሰውዬ በሁለት እጇ ሰጠችው፤ አስካለም «ለታመመ ሰው ነው፤ ቀይ ኮፍያ፤ ወደፊት አስተላልፉ» አለች። ሰውየው «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ ለቀጣዩ አቀበለ። ቀጣዩም «ይማረው» አለ። ጠርሙሱ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ሄደ፤ ከእግር ይፈጥን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋን ለቀቀች። ሰው ደግ ነው፤ አልቀበልም ያለ አንድም የለም።

ሠላሳ ሰው። ስልሳ። በገደሉ ማዶ ጠርሙሱ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ይላል፤ በብልጭታው እየቆጠረች ተከተለችው። ከመቶ በኋላ ዘገየ። እያንዳንዱ ሰው ጋ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ። ዓይኗን አጠበበች። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ጠርሙሱን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፤ ግንባሯን ቀባች፤ አማተበች፤ ከዚያ አሳለፈች።

አትጠገብ ወዲያው አልገባትም። ቀጥሎ ያለው ሰውም መዳፉን ዘረጋ።

ከመንገዱ በላይ፣ ለጎብኚ ከተዘጋ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ገዳም አለ፤ ጸበሉ የታወቀ ነው። ከኋላ የመጣ፣ ስም የሌለው፣ በሁለት እጅ የሚተላለፍ፣ «ለታመመ ሰው» የተባለ ውሃ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የቀዩ ኮፍያ ነገር በመንገድ ላይ ቀርቷል፤ የደረሰው «ለታመመ» የሚለው ብቻ ነው። ማንም የሌላ ሰው ጸበል አይጨርስም፤ ሁሉም ለበረከት ያህል ጠብታ ብቻ ነው የሚወስደው። ግን የጠብታው ተካፋይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። አንዲት ሂጃብ የለበሰች እናት ብቻ ሳትነካው ፈጥና አሳለፈችው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ መዳፉን ሳይሆን አፉን አስጠጋ። ቀመሰውና ቀና ብሎ ለፊተኛው አንድ ነገር ነገረው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ መጠጣት ጀመሩ። ጸበሉ ይጣፍጣል።

«ጸበል አይደለም!» ብላ ጮኸች። ንፋሱ ከአፏ ነጥቆ ገደል ጨመረው። «ኧረ ጸበል አይደለም! መድኃኒት ነው!» ቀዩ ኮፍያ ቆሟል። ከኋላው ያሉት ሰዎች ተጨናንቀዋል። የያዘው ሰው የለም።

ሮጠች።

ሮጣ አታውቅም፤ ከልጅነቷ ወዲህ ለአውቶቡስ እንኳ አልሮጠችም። ሦስት እርምጃ እንደሄደች አልቦው አለቀሰ። ድምፁ እንደ ሕፃን ልቅሶ ይጀምርና እንደ ጥሩንባ ይሆናል። የሁሉም ሰው ቁርጭምጭሚት ተቀበለ፤ ተራራው በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቁጭ አለ፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመው። ከኋላዋ አስካለ «አትሩጪ! እህቴ፣ ስለ ማርያም አትሩጪ!» ስትል ሰማች።

የተቀመጠ ሰው እግር ነው የሚበዛው። በጉልበትና በጫማ መካከል መርገጫ እየፈለገች በአፋፉ ጠርዝ ሮጠች። ግድግዳው በግራዋ፣ ባዶው በቀኟ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው እየሳቡ ያዩዋታል። በዓይናቸው ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ የፈሩት እሷን ነው። በሕይወቷ ፈርቷት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ተማሪዎቿ እንኳ አይፈሯትም። አንድ ቦታ የአንዱን ጉልበት ረግጣ ተንገዳገደች፤ ከእግሯ ሥር ድንጋይ አመለጠ። ሁሉም ሲወድቅ አዳመጡት። ረጅም ጊዜ ፈጀ።

ጠርሙሱ አንድ ሽማግሌ ደረት ላይ ነበር። ኩታ ለብሰው፣ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ይስጡኝ!»

«ልጄ፣ ለታመመ የተላከ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይነካውም ብዬ ይዤዋለሁ።»

«የታመመው ባሌ ነው። ጸበል አይደለም አባቴ፣ የስኳር ውሃ ነው! ስኳሩ ወርዶ እየሞተብኝ ነው!»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ሰጧትና ገና ያልደረቀ መዳፋቸውን አዩ። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ቀርቷል።

ይልቃልን ስታገኘው ከመስመሩ ሁሉ የቆመው እሱ ብቻ ነበር። አልቦው ቢያለቅስም ቁጭ ማለት እንዳለበት አላወቀም። ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ይወዛወዛል፤ ሁለት ሴቶች ደንቡን ፈርተው ሳይነሱ፣ በተቀመጡበት የጃኬቱን ጫፍ በአራት እጃቸው ጎትተው ይዘውታል። አትጠገብ አቅፋ አስቀመጠችው፤ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል። ጠርሙሱን ከንፈሩ ላይ አድርጋ «ዋጥ፣ ይልቄ፣ ዋጥ» እያለች እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አጠጣችው።

ብዙ ደቂቃ አለፈ። ዓይኑ ቀስ ብሎ እሷ ላይ አረፈ።

«አቱ» አላት። ከዚያ የተቀመጠውን ሕዝብ አየ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀይ የሚበራውን አልቦ አየ። «ሮጥሽ እንዴ?»

«ሮጥኩ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አስከልክለሽኝ አንቺ ሮጥሽ?» ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አቅም አጣ። እሷ ግን አለቀሰች፤ ከፍርሃትም ከደስታም።

አስካለ የደረሰችው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህም ጊዜ ተራምዳ ነው የመጣችው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ነፍሱ ተርፋለች?» አለች። «ተመስገን። ከኋላሽ አንድ ሰውዬ ሲቀመጥ እግሩ አምልጦት ወገቡ ድረስ ወርዶ ነበር። በነጠላ ጎትተው አወጡት። ነጠላው ባይጠብቅ ኖሮ…» ከዚያ ሥራዋን ሠራች። «ወደ ቁጥርሽ ትመለሻለሽ። ወደ ኋላ መሄድ ስለማይቻል ያ የግድግዳ ስርጉዳት ውስጥ ቆመሽ ቦታሽ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ። እሱ ይቀጥላል።»

«ከእኔ ጋር ይቁም! አጠገቤ ይሁን!»

«የሱ ቦታ የሱ ነው። ከወጣ አልቦው ያለቅሳል፤ ይህ ሁሉ ሰው እንደገና ይቀመጣል። አየሽው እኮ።»

«ሁለት ጣት ነው የጠጣው! ጣቢያ አምስት አያደርሰውም!»

«ለሐኪሙ ነግሬያለሁ። እየተራመደ ነው።»

ጃኬቱን የያዙት ሴቶች «አይዞሽ፣ እንይዘዋለን» አሏት። ፊሽካ ተነፋ። መስመሩ በሙሉ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ይልቃል እጇን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በሦስተኛው ጣቶቻቸው ተላቀቁ።

ስርጉዳቱ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። አትጠገብ ጀርባዋን ለቀዝቃዛው ድንጋይ ሰጥታ ሰው ሲያልፍ ትቆጥር ጀመር። የሚያልፉት ሰዎች ከእሷ ራቅ ብለው፣ ወደ ገደሉ ጠጋ ብለው ነበር የሚያልፉት፤ እንደዚህ ፈርተዋታል። ሃምሳ። መቶ። ኮፍያው በሚቀጥለው ጥግ ላይ ታየ፤ ቀጥ ብሎ ነው። ሁለት መቶ። አሁንም ቀጥ ብሎ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ አካባቢ ኩታ የለበሱት ሽማግሌ ደረሱ። አስካለ ፊቷን ወደ ሌላ ያዞረች ጊዜ፣ እርምጃቸውን ሳያቋርጡ የኩታቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ነገር መዳፏ ውስጥ ጣሉ።

«ከበሩ ደብቄው ነው። ቅድም ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ብለው አለፉ።

ሦስት አንኳር ስኳር ነበር። መዳፏን ጨበጠች። ለማን ታቀብለው? በእጅ በእጅ ቢሄድ አስካለ እንደ ምግብ ትወስደዋለች፤ ባትወስደውም ከእንግዲህ አራት መቶ እጅ አታምንም። ቀና ብላ ጥጉን አየች። ኮፍያው ዘንበል ብሏል። ሁለቱ ሴቶች በግራና በቀኝ ሊይዙት ሲሞክሩ አፋፉ ለሦስት አይበቃም፤ አንደኛዋ ወደ ጠርዙ ተገፋች፤ ተመለሰች። ኮፍያው እንደገና ዘንበል አለ። ዘጠኝ ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ ምንጊዜም ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

በነጠላ ተጎትቶ የወጣው ሰውዬ ትዝ አላት። አላየችውም፤ ግን ክብደቱ ተሰማት። ወገቡ ድረስ። በሚቀጥለው ነጠላው ቢቀደድስ? በጣም ፈራች፤ ለይልቃል ከፈራችው እኩል ፈራች። ስኳሩን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀች።

ቀና ስትል አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት በስርጉዳቱ ፊት እያለፈች ነበር። እንደሌሎቹ ሁሉ ከእሷ ሸሽታ ወደ ጠርዙ ተጠግታለች።

«የኔ እናት» አለቻት አትጠገብ ክንዷን ይዛ፤ «ወደ ግድግዳው ጠጋ በይ። ልጁን ወደ ፊት አዙሪና ከአሁኑ ቁጭ በይ። ከኋላሽ ላሉትም ንገሪያቸው።»

«ለምን?» አለች ሴትየዋ፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ልሮጥ ነው።»